ገመድ ያለው ሶፍትዌር፦ የኮርግ ኤምኤስ-20 ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2004 የጃፓኑ ኮርግ ኩባንያ ኤምኤስ-20ን ጨምሮ የቆዩ ሲንተሳይዘሮቹን (ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያመነጩ የሙዚቃ መሣሪያዎችን) በኮምፒውተር የሚያስመስል «ሌጋሲ ኮሌክሽን» የተባለ ጥቅል ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከሶፍትዌሩ ጋር መልኩ ኤምኤስ-20ን የሚመስል፣ ራሱን ችሎ ግን ድምፅ የማያወጣ ትንሽ ኪቦርድ ነበር። 37 ጠባብ ቁልፎች፣ ከበላያቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ የተደረደሩ ማዞሪያዎች፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ቀዳዳዎችና እነሱን የሚያገናኙ እውነተኛ ገመዶች። በገመዶቹ ውስጥ የሚያልፍ ድምፅ የለም። አንዱን ጫፍ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ሲሰኩት ኪቦርዱ በዩኤስቢ በኩል የትኛው ቀዳዳ ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ስክሪኑ ላይም የተሳለ ገመድ ብቅ ይላል።

ይህ ነገር ለብዙ መሐንዲስ ብክነት ሊመስል ይችላል። ገመዱን በመዳፊት ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ መጎተት ይቻላል፤ ሶፍትዌሩም ያለ ኪቦርዱ ይሠራል። እኔ ግን በሶፍትዌር ሲንተሳይዘር ታሪክ ውስጥ ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ እጅግ አስተዋይ ከሆኑት አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የቆየ መሣሪያን በሶፍትዌር መልሶ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር መያዝ አለበት፤ አንደኛው መሣሪያው የሚሰጠው ድምፅ ነው፣ ሁለተኛው ሙዚቀኛው ያን ድምፅ ፍለጋ በእጁ የሚሄድበት መንገድ ነው። አብዛኞቹ አምሳያዎች ለመጀመሪያው ተጨንቀው ሁለተኛውን ለመዳፊት ይተዉታል። በኤምኤስ-20 ጉዳይ ሁለቱም በአንድ ላይ ተሞክረዋል፣ ተነጣጥለውም ተሞክረዋል። ታሪኩን ከመነሻው ልከተለው የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

የ1978ቱ መሣሪያ

ኤምኤስ-20 ከታናሹ ከኤምኤስ-10 ጋር በ1978 ወጣ። ከዋና መሐንዲሶቹ መካከል ሂሮአኪ ኒሺጂማና ፉሚዮ ሚዬዳ ይገኛሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ የሚያሰማ አናሎግ፣ ማለትም ድምፁን በቁጥር ስሌት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ የሚሠራ ሲንተሳይዘር ነው፤ ሁለት ኦሲሌተሮች ድምፁን ያመነጫሉ፣ ሁለት ፊልተሮች ይቀርጹታል፣ ሁለት ኤንቨሎፖች አነሳሱንና አከሳሰሙን ይወስናሉ። ውስጡ አስቀድሞ የተያያዘ ስለሆነ አንድም ገመድ ሳይሰካ ይጫወታል። ሙዚቀኛው ገመድ ሲሰካ ግን አዲስ መንገድ ይከፍታል፤ ፋብሪካው ያልገመተውን ጭምር።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የወጣው ፕሮፌት-5 ሲንተሳይዘር አምስት ኖታዎችን በአንድ ጊዜ ያሰማ ነበር፤ የተሠራውን ድምፅም በማኅደረ ትውስታው ይዞ በአንድ ቁልፍ ይመልሰው ነበር። ኤምኤስ-20 ይህ የለውም። ዛሬ ያገኙትን ድምፅ ነገ ለመመለስ እያንዳንዱ ማዞሪያ የቆመበትን ቦታና እያንዳንዱ ገመድ የተሰካበትን ቀዳዳ ወረቀት ላይ መሳል ያስፈልጋል። መሣሪያውን ተወዳጅ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ በመጀመሪያ ደረጃ ፊልተሩ።

ሁለቱ ፊልተሮች ተከታትለው ይቆማሉ። የመጀመሪያው ሃይ-ፓስ ሲሆን ከታች ያለውን ድምፅ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ሎ-ፓስ ከላይ ያለውን። እያንዳንዳቸው «ፒክ» የሚል ማዞሪያ አላቸው፤ የፊልተሩን ውጤት መልሶ ወደ ራሱ የሚመግበው መጠን የሚወሰነው በዚህ ነው። ማዞሪያው ወደ ጥጉ ሲጠጋ ፊልተሩ የሚገባለትን ድምፅ ማጣራቱ ቀርቶ በራሱ መጮኽ ይጀምራል። ጩኸቱ ግን ንጹሕ ፉጨት አይደለም። በመመለሻው መንገድ ላይ ያሉት ዳዮዶች (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትናንሽ ክፍሎች) ድምፁ ሲበረታ ይጨፈልቁታል፤ ከኦሲሌተሩ የሚመጣው ድምፅ ከጩኸቱ ጋር ይታገላል፣ አንዱ ሌላውን ያፍናል። የኤምኤስ-20 ጠባይ የሚባለው ይህ ትግል ነው።

እዚህ ላይ አምሳያ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ገና ከበሩ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። በመጀመሪያዎቹ ምርቶች ፊልተሩ የተሠራው «ኮርግ-35» በምትባል ትንሽ የታሸገች ክፍል ዙሪያ ነበር፤ በኋለኞቹ ኤልኤም13600 በተባለ ቺፕ ላይ የቆመ ሌላ ንድፍ ተተካ። የፊት ገጹ ያው ነው፣ ስሙም ያው ነው፣ ድምፁ ግን ይለያያል፤ የመጀመሪያው ሸካራና ቁጡ፣ የኋለኛው ለስለስ ያለ ነው። ስለዚህ «የኤምኤስ-20ን ድምፅ ቀዳሁ» የሚል ሁሉ የየትኛውን እንደቀዳ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ልዩ ነገር በገመድ ሰሌዳው ታችኛ ክፍል ይገኛል። ጊታር ወይም የሰው ድምፅ ከውጭ ሲገባ መሣሪያው ቃናውን ለክቶ ወደ ቮልቴጅ ይቀይራል፤ ያ ቮልቴጅ በገመድ ወደ ኦሲሌተሮቹ ሲወሰድ ሲንተሳይዘሩ ዘፋኙን ተከትሎ ይዘፍናል። ክትትሉ ፍጹም አይደለም፤ ይሳሳታል፣ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴ ኦክታቭ (ድግግሞሹ እጥፍ ወይም ግማሽ ወደሆነ ቃና) ይዘላል። ሙዚቀኞች የወደዱት ይህን መንሸራተት ጭምር ነው። ስለዚህ የተሻለ ቃና መለኪያ ሶፍትዌር ውስጥ ማስገባት መሣሪያውን ማሻሻል ሳይሆን ማጥፋት ይሆን ነበር።

የኤሌክትሪክ ዑደቱን ወደ ስሌት መቀየር

ኮርግ ወደዚህ ሥራ ሲገባ መንገዱ በከፊል ተጠርጎ ነበር። የስዊድኑ ፕሮፔለርሄድ በ1997 ባወጣው ሪበርዝ በተባለ ፕሮግራም የጃፓኑን ኩባንያ የሮላንድን የባስ መሣሪያና የከበሮ ማሽን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አስነስቶ ነበር። የጀርመኑ ስታይንበርግ በ1999 ቪኤስቲ የተባለውን የፕለጊን (በሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚከፈት ፕሮግራም) ደንብ ሲያሰፋ ሲንተሳይዘርን የሚያህል ነገር በቀረጻ ፕሮግራም ውስጥ እንደ አንድ ክፍል መክፈት ተቻለ። በ2003 የፈረንሳዩ አርቱሪያ የአሜሪካውን የሙግን ግዙፍ ሞጁላር (ከተናጠል ክፍሎች በገመድ የሚያያዝ) ሲንተሳይዘር በሶፍትዌር አቀረበ። የኮርግ ልዩነት ኩባንያው የሚቀዳው የራሱን መሣሪያ መሆኑ ነው፤ ንድፉ በእጁ ነበር።

የመረጠው ዘዴ የክፍሎች ሞዴሊንግ ተብሎ ይጠራል። አሠራሩን በቀላሉ ለማስረዳት፦ ከመሣሪያው የሚወጣውን ድምፅ ቀርጾ ከማስቀመጥ ይልቅ ሪዚስተሩ፣ ካፓሲተሩ፣ ትራንዚስተሩና ዳዮዱ እያንዳንዳቸው ለቮልቴጅ የሚሰጡትን ምላሽ በሒሳብ ቀመር መጻፍና ቀመሮቹን ዑደቱ እንደተያያዘው ማያያዝ ነው። ቀረጻ ማዞሪያው አንድ ቦታ ላይ ሲቆም ያለውን ድምፅ ብቻ ያውቃል። ቀመሩ ማንም አዙሮት በማያውቀው ቦታ ላይም ምን መሰማት እንዳለበት ሊያሰላ ይችላል። እንደ ኤምኤስ-20 ላለ፣ ማኅደረ ትውስታ ለሌለውና ሁልጊዜ በሁለት ማዞሪያዎች መካከል ለሚኖር መሣሪያ ሌላ መንገድ አይታየኝም።

ቀመር መጻፍ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ጊዜ ነው። አናሎግ ፊልተር ውስጥ ውጤቱ ተመልሶ ወደ መግቢያው የሚደርሰው ሳይዘገይ ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒውተር ደግሞ ድምፅን በናሙና ይቆርጠዋል፤ በተለመደው 44,100 ናሙና በሰከንድ፣ በሁለት ናሙናዎች መካከል 22.7 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ አለ። አሁን የሚወጣውን ለማስላት አሁን የሚመለሰውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሚመለሰው ደግሞ ገና ያልተሰላው ነው። ሰነፉ መፍትሔ ያለፈውን ናሙና ውጤት መመለስ ነው። በ100 ሄርዝ (በሰከንድ 100 ሞገድ) ይህ መዘግየት ኢምንት ነው። በ10,000 ሄርዝ ግን አንድ ሙሉ ሞገድ 100 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ስለሚፈጅ፣ የአንድ ናሙና መዘግየት ከሞገዱ ሩብ ትንሽ ይጎድለዋል። ፊልተሩ መጮኽ ያለበት ቦታ ይንሸራተታል፣ ወይ አለጊዜው ይጮኻል፣ ወይ ጭራሽ ይፈነዳል። ትክክለኛው መንገድ መዘግየቱን ሳያስገቡ ቀመሩን በእያንዳንዱ ናሙና ላይ መፍታት ነው፤ ዳዮዶቹ በመካከል ስላሉ ደግሞ መልሱ በአንድ ስሌት አይገኝም፤ እየገመቱና እየታረሙ ደጋግሞ መቅረብን ይጠይቃል።

ከዚያ የመታጠፍ ችግር ይመጣል። ፊልተሩ 15,000 ሄርዝ ላይ ይጩኽ እንበል። ዳዮዶቹ ሞገዱን ሲጨፈልቁት ሦስተኛው ሃርሞኒክ (የዋናው ድግግሞሽ ሦስት እጥፍ) 45,000 ሄርዝ ላይ ይወለዳል። በአናሎጉ መሣሪያ ውስጥ ይህ ከሰው ጆሮ በላይ ስለሆነ ማንንም አይረብሽም። በ44,100 ናሙና ግን ከ22,050 በላይ ያለ ሁሉ ተመልሶ ወደ ታች ስለሚታጠፍ ያ ሃርሞኒክ 900 ሄርዝ ላይ ይሰማል፤ በዘፋኙ ድምፅ መሐል፣ ከሚጫወተው ኖታ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው እንግዳ ቃና ሆኖ። ሙዚቀኛው ማዞሪያውን ትንሽ ወደ ላይ ሲወስድ እንግዳው በሦስት እጥፍ ፍጥነት ወደ ላይ ይሮጣል። የብዙ ርካሽ አምሳያዎች ቅዝቃዜ ምንጩ ይህ ነው፤ ሰሚው ስሙን ባያውቀውም ይሰማዋል። መድኃኒቱ ውስጡን በብዙ እጥፍ ናሙና ማስላትና በመጨረሻ መቀነስ ነው፤ አራት እጥፍ ናሙና ማለት ግን በግርድፉ አራት እጥፍ የፕሮሰሰር ሥራ ማለት ነው። የ2004ን ኮምፒውተር እያሰቡ ይህን ሲመዝኑት ሠሪዎቹ በየትኛው ጥብቅ ድንበር ውስጥ ይሠሩ እንደነበር ይገባል።

ገመዶቹም ሸክም ይጨምራሉ። ብዙ የሶፍትዌር ሲንተሳይዘሮች ጉልበት ለመቆጠብ ሲሉ የመቆጣጠሪያ ምልክቶችን በየናሙናው አያሰሉም፤ በየጥቂት ደርዘን ናሙናው ብቻ ያድሷቸዋል። የኤምኤስ-20 የገመድ ሰሌዳ ይህን ቁጠባ አይፈቅድም። ሙዚቀኛው ነጭ ጫጫታን (ሁሉንም ድግግሞሽ የያዘ የሹሹታ ድምፅን) ወደ ፊልተሩ መቆጣጠሪያ ሊሰካ ይችላል፤ ያኔ ፊልተሩ በሰከንድ ሺህ ጊዜ መንቀጥቀጥ አለበት። አምሳያ ሠሪው ሙዚቀኛው ማንን ከማን ጋር እንደሚያገናኝ አስቀድሞ ሊያውቅ ስለማይችል ሁሉም መስመር እንደ ድምፅ መስመር መሰላት ይኖርበታል። በእውነተኛው መሣሪያ ላይ የታወቀ ዘዴም አለ፤ ከጆሮ ማዳመጫው መውጫ ወደ ውጫዊ ድምፅ መግቢያው ገመድ ወስዶ መላውን መሣሪያ በራሱ ማስጮኽ። ከፕለጊን ውጭ፣ በኮምፒውተሩ የድምፅ ካርድ ዞሮ ይህን ለማድረግ የሚሞክር ሰው 256 ናሙና በሚይዝ ጊዜያዊ ማቆያ ብቻ ስድስት ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይዘገይበታል፤ የሚያገኘውም ማሚቶ እንጂ ያን ጩኸት አይደለም።

ሶፍትዌሩ በምላሹ እውነተኛው የማይችለውን ሰጠ። ብዙ ኖታ በአንድ ጊዜ ያሰማል፣ የሠሩትን ያስቀምጣል፣ ውጫዊ ድምፅ የሚቀርጸው ክፍል «ኤምኤስ-20ኤፍኤክስ» ተብሎ ለብቻው እንደ ኤፌክት ወጥቷል። በጥቅሉ ውስጥ ፖሊሲክስና ዌቭስቴሽን የተባሉት የኩባንያው ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ፤ ጥሩ አምሳያዎች ናቸው፣ ለዚህ ጉዳይ ግን እንለፋቸው።

እጅ የሚጠይቀው

ወደዚያ ድምፅ አልባ ኪቦርድ ልመለስ። ሁለት ፊልተሮች ሲታገሉ ድምፁ የሚገኘው ሁለቱን ማዞሪያዎች በአንድ ጊዜ፣ በሁለት እጅ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ በማንቀሳቀስ ነው። መዳፊት አንድ ጠቋሚ ብቻ አለው። ማለትም በመዳፊት የሚጫወት ሰው የመሣሪያውን ዋና ምልልስ አያገኘውም፤ ስሌቱ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን። እኔ ከዚህ ጉዳይ ከተማርኩት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ሰዎች «የሶፍትዌሩ ድምፅ ይጎድለዋል» ሲሉ ብዙ ጊዜ የጎደለው ሁለተኛው እጅ ነው።

ገመዱም እንዲሁ ነው። ስክሪን ላይ ገመድ መጎተት ማለት ዓይን ከሙዚቃው ተነጥሎ ትናንሽ ክቦችን መፈለግ ማለት ነው። በእጅ የተያዘ ገመድ ግን ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ራሱ የማሰቢያ ጊዜ ነው፤ ጣቱ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቦታ በልምድ ያውቀዋል፣ ያልታሰበ ቀዳዳ ላይ አርፎም አዲስ ነገር ያገኛል።

ነገር ግን ኪቦርዱ የራሱን ችግሮች ይዞ መጣ፤ ዛሬ ከሶፍትዌር ጋር የተዳቀሉ ኪቦርዶች ሁሉ የሚታገሉባቸው እነዚያው ናቸው። የመጀመሪያው የእርከን ችግር ነው። ከ1983 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ የሆነው ሚዲ የማዞሪያን ቦታ በተለመደው መልእክቱ የሚገልጸው በ128 እርከን ነው። ፊልተሩ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ድረስ ይጓዝ ቢባል ያ አሥር ኦክታቭ፣ ማለትም 120 ሴሚቶን (አንዱ የኦክታቭ አሥራ ሁለተኛ ክፍል) ገደማ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እርከን ሴሚቶን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ፊልተሩ ዝም ብሎ እያጣራ ከሆነ ጆሮ ይህን ያልፈዋል። እየጮኸ ከሆነ ግን እንደ ሳይረን መንሸራተት የነበረበት ድምፅ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ይረግጣል። ሶፍትዌሩ በእርከኖቹ መካከል ማለስለስ ይችላል፤ ማለስለስ ደግሞ እጁ ፈጣን ሲሆን ድምፁን ከኋላ ያስቀረዋል።

ሁለተኛው የትዝታ ችግር ነው። ያስቀመጡትን ድምፅ ሲጠሩ ሶፍትዌሩ ይታዘዛል፤ በእጅ የሚያዘው ማዞሪያ ግን የቆመበት ቆሞ ይቀራል። ማዞሪያው ግማሽ ላይ ነው፣ ሶፍትዌሩ ሩብ ላይ ነኝ ይላል። ትንሽ ሲነኩት ወይ ድምፁ ይዘላል፣ ወይ ማዞሪያው የተቀመጠውን ቦታ እስኪያልፍ ምንም አይሆንም። ለማዞሪያ መፍትሔው ማለቂያ የሌለውና ዙሪያውን በመብራት የተከበበ ዓይነት ነው፤ ብዙ ኪቦርዶች ዛሬ ይህን ይጠቀማሉ። ለገመድ ግን መፍትሔ የለም። የተጠራው ድምፅ አምስት ገመድ ሊፈልግ ይችላል፤ እጁ ካልሰካቸው በስተቀር የትም ሊመጡ አይችሉም። ማኅደረ ትውስታና እውነተኛ ገመድ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይስማሙም፤ ይህ የምሕንድስና ጉድለት ሳይሆን የነገሩ ባሕርይ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲደበቅ

ከዚያ በኋላ አምሳያው በተለያየ አካል ተዘዋወረ። በ2008 ዲኤስ-10 በሚል ስም በኒንቴንዶ ዲኤስ የእጅ ጨዋታ መሣሪያ ላይ፣ በ2010 ደግሞ አይኤምኤስ-20 ተብሎ በአይፓድ ላይ ታየ። ጣት በቀጥታ የተሳለውን ማዞሪያ ስለሚነካ ይህ ከመዳፊት የተሻለ ነበር። የሚዳሰስ ግን ምንም የለም፤ ዓይን ከስክሪኑ ሲነሳ እጁ ይጠፋል።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የ2011ዱ የኮርግ ክሮኖስ ነው። ከውጭ ሲታይ የመድረክ ኪቦርድ ነው፤ ከውስጥ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውና በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው፤ ከዘጠኙ የድምፅ ሞተሮቹ አንዱ የኤምኤስ-20 አምሳያ ነው። ሙዚቀኛው ላፕቶፕ ሳያስብ፣ የድምፅ ካርድ ሳያስተካክል፣ አብርቶ ይጫወታል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሮላንድ በሲስተም-1 ሌላ መንገድ ሞከረ፤ የቆየ ሲንተሳይዘሩ የኤስኤች-101 አምሳያ የሆነውን ፕለጊን ኮምፒውተሩ ላይ ከከፈቱ በኋላ ወደ ኪቦርዱ ራሱ መላክ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ነቅሎ መሄድ ይቻላል። በ2024 አርቱሪያ ያወጣው ባለ 61 ቁልፉ አስትሮላብም የኩባንያውን የሶፍትዌር መሣሪያዎች ድምፆች ያለ ኮምፒውተር ያጫውታል። እነዚህ ሁሉ በመድረክ ላይ የሚፈለገውን አስተማማኝነት ሰጥተዋል። ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ ፊት ለፊት ገጽ ማስተናገድ ሲያስፈልግ ግን ማዞሪያዎቹ የሁሉም ይሆኑና የማንም ሳይሆኑ ይቀራሉ። በክሮኖስ ላይ የኤምኤስ-20 የገመድ ሰሌዳ በስክሪን ላይ ያለ ሥዕል ነው። በ2004 ከሳጥኑ የወጣው ርካሽ ገመድ በዚህ ረገድ ከዚያ ሁሉ ጉልበት ይበልጥ ነበር እላለሁ።

የአናሎጉ መመለስ

በ2010 ኮርግ ሞኖትሮን የተባለች የኪስ መሣሪያ አወጣ፤ በውስጧ የኤምኤስ-10ና የኤምኤስ-20 ፊልተር በአናሎግ ነበር። በጃንዋሪ 2013 ኤምኤስ-20 ሚኒ ተዋወቀ፤ በመጠን የቀድሞው 86 በመቶ፣ በውስጡ ሙሉ በሙሉ አናሎግ፣ ሲሠራም የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች የተሳተፉበት። ፊልተሩ የቀድሞው፣ የቁጡው ዓይነት ነው። ሚዲና ዩኤስቢ ተጨምሮለታል፤ ኖታ ለመቀበል እንጂ ማዞሪያ ለማስታወስ አይደለም። በቀጣዩ ዓመት ሙሉ መጠን ያለውና ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ሲወጣ ሁለቱም የፊልተር ዓይነቶች ገቡበት፤ ያ የየትኛው ድምፅ የሚለው ጥያቄ ለገዢው ምርጫ ተተወ።

ይህን ሰዎች የሶፍትዌር ሽንፈት አድርገው ሲያወሩ እሰማለሁ፤ አልስማማም። መሣሪያው ከምርት ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሁለተኛ እጅ የሆነውን እንኳ ያላገኘ ወጣት የኤምኤስ-20ን ፊልተርና የገመድ ሰሌዳ ያወቀው በሶፍትዌሩ ነው። ሚኒው ሲመጣ እጁ መንገዱን ያውቀው ነበር። ያን ትንሽ ኪቦርድና ሚኒውን ጎን ለጎን ያየ ሰው ዝምድናቸውን መካድ አይችልም፤ ጠባብ ቁልፎች፣ ያነሰ ሰሌዳ፣ ቀጫጭን ገመዶች። የተሳለውን ገመድ የሚወክለው ገመድ፣ አሁን በውስጡ ቮልቴጅ ያልፍበታል።

ሶፍትዌሩም አልሞተም፤ ኮርግ ኮሌክሽን በሚል ስም ቀጥሏል። ለመቀጠል ግን ደጋግሞ መታደስ ነበረበት። ሲወለድ የአፕል ኮምፒውተሮች ፓወርፒሲ በተባለ ፕሮሰሰር ይሠሩ ነበር፤ በ2006 ወደ ኢንቴል ዞሩ፣ በ2019 ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን መቀበል አቆሙ፣ በ2020 ወደ አፕል ራሱ ቺፖች ተሻገሩ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ አምራቹ ያልተከተለው ፕለጊን ይቀራል፤ በእሱ የተሠራ ሙዚቃም ፋይሉ ሲከፈት ባዶ ቦታ ያሳያል። የ1978ቱ መሣሪያ በዚህ ሁሉ መካከል ያንኑ ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ ይዞ ቆሟል፤ የሚፈልገው ማዞሪያውን የሚያጸዳና ያረጀ ካፓሲተር የሚቀይር ሰው ነው።

ሁለቱን አብረው የሚጠቀሙ ሙዚቀኞች ሥራውን ይከፋፍሉታል። ድምፁን በሚኒው ላይ በሁለት እጅ ይፈልጉታል፣ ሲያገኙት ወዲያው ይቀርጹታል፤ በብዙ ኖታ መባዛት ወይም በኋላ መለወጥ ያለበትን ለሶፍትዌሩ ይሰጡታል። ከሰሌዳው ሳይነሱ በፊት ደግሞ ገመዶቹንና ማዞሪያዎቹን በስልክ ፎቶ ያነሷቸዋል፤ በ1978 ወረቀት ላይ ይሳል በነበረበት ቦታ።